አሥራ አንድ ግንድ

እኔ መኪና ቆጣሪ ነኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ሥር፣ ከካባው በር።
ሲኖትራክ ሞልቶ ሲወጣ አንድ ጭረት፣
አራት ቁም፣ አምስተኛው አግድም ሲሰመር፤
እንዲህ ነው ተራራ የሚቆጠር።

ሰው ሲሾም ካባ ይለብሳል፤
ተራራ ካባ ሲሆን ግን ተገፎ ያድራል።
ያ ቀይ አሸዋ፣ ድሮ እሳት የነበረው፣
ዛሬ ኮዬ ፈጬ ጭቃ ላይ ይደፋል፣
ጫማው እንዳይሰምጥ ሰው ይረግጠዋል፣
ፎቅ ይጫነዋል።

ከአፋፉ ጫፍ ላይ ኦቦ ሁንዴ
አሥራ አንድ ግንድ ወይን አላቸው።
ነጭ ነው። ልጣጩ ስስ፣ ፍሬው አተር ቢያክል ነው፤
ፀሐይ ሲያገኘው ዘሩ ከውስጥ ይታያል፣
የፋኖስ ብርጭቆ ላይ እንደቀረ ጥላሸት።
ስሙን ጠየቅኋቸው።

«የሚያውቀው ፈረንጅ ሞተ» አሉኝ።
«እኔ ያኔ የእርሻው ቅርንጫፍ ለቃሚ ነበርሁ።
ነጩን ነቅላችሁ ቀይ ትከሉ ሲባል፣ ሊነድ ከተከመረው
አሥራ አንድ ቁራጭ በኮቴ እጅጌ ይዤ መጣሁ።»

አዲ ይሏታል፣ በአፋቸው ነጭ ማለት ነው።
በእኔ አፍ ግን ነገሩ ጭንቅ ነው፤
ወይን ጠጅ ስንል ቀለም ነው፦
የጳጳስ ቀሚስ፣ የድንች አበባ፤
ነጭ ወይን ጠጅ ብል ቃሉ ከራሱ ይጣላል፣
ሁለት ቀለም ባንድ አፍ አይገባ።

ውኃ አያጠጧትም። «የጠገበች ወይን
ወሬኛ ናት» ይላሉ፣ «ቅጠል ብቻ።»
ግንቦት ሲጠባ እንቅልፍ የላቸውም፤
ከወፉ፣ ከበረዶው፣ ከሰኔ ጋር ሩጫ።
አንድ ሳምንት ዝናብ ከቀደማቸው
ልጣጩ ይፈነዳል፣ ሻጋታ ያለብሰዋል፣
ዓመቱ እንዳልነበር ይሆናል።

ባለፈው ታኅሣሥ ስካቫተሩ
ግድግዳውን ገመሰና፣ ዘርጋው ሞተሩን አጠፋ።
እጁን አፉ ላይ ጫነ።
ሥር ነበር።
ከላይ ወገብ የማይደርስ ግንድ፣
ከታች አራት ሰው ቁመት ሥር፣
ቀጭን፣ የሽማግሌ ጺም የመሰለ፣
ከእያንዳንዷ ቀዳዳ ድንጋይ
የተረፈ እርጥበት እየለመነ
ወርዷል፣ ወርዷል፣
እሳቱ እስከነበረበት ድረስ።

ኦቦ ሁንዴ ቁልቁል አዩ።
ዘመዱ ራቁቱን እንደታየበት ሰው
ጋቢያቸውን አወረዱ፣ ሊያለብሱት፤
የት ይደርሳል?
«ሁንዴ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።
«ሥር።»
ሌላ አልጨመሩም።
እኔም መኪና መጣብኝ። ጭረት አደረግሁ።

ማታ በአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጥቂት ቀዱልኝ።
ደፍርሷል፣ ገለባ የታጠበበት ይመስላል።
መጀመሪያ ሎሚ፤ ቀጥሎ ክብሪት
ተጭሮ እንደጠፋ ያለ ሽታ፤
ቀጥሎ ከብት የሚልሰው ድንጋይ፣
ቀጥሎ ዝምታ።
ማር የለመደ ምላሴ ተኮማተረ።
«ጠጅ አይደለም» አልሁ።
«ነው ማን አለህ?»

ዘንድሮ ስድስት ቀርተዋል።

እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳዬ ላይ፣
አንገቱ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣
ከካባዬ የሰረቅሁት ቀይ አሸዋ ውስጥ
ጣት የምታክል ቁራጭ አለች።
ከዚያ በር ጭረት ሳይደረግላት
የወጣች እሷ ብቻ ነች።
እስካሁን ሁለት ቅጠል። አንዱን ነፋስ ቀደደው።

«ምንድን ናት?» ትለኛለች ሚስቴ።
ቃሉ አይመጣልኝም።
ጣሳ ስታነሳ ግን፣ «ተዪ» እላታለሁ፣
«ትፈልግ። ይውረድ ሥሯ።»
ወዴት እንደሚወርድ እንጃ፤
ሦስት ፎቅ ሙሉ ሰው አለ ከሥሯ፤
ከሰዉም በታች፣ ከወለሉም በታች፣
በእኔው እጅ ተቆጥሮ የገባው ተራራዋ።