ቢሮ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ሰኔ ሃያ ስምንት

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፤
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ የመጣበት።
በአንዱ መስኮት የአዳማ ነፋስ አቧራ ያገባል፤
በሌላው የጂቡቲ መንገድ ይታያል፤
ድሮ ተሳቢ በተሳቢ ላይ የሚግተለተልበት መንገድ
አሁን አንድ መኪና፣ ቆይቶ ሌላ አንድ፣
እንደ ሽማግሌ ድድ።

ከላይ የመጣችው ደብዳቤ አጭር ናት፦
«በኢኮኖሚው መቀዛቀዝ ምክንያት
ጣሪያው ከመቶ ሃያ እጅ ዝቅ ብሎ
እስከ ነገ ጠዋት ይቅረብ ተስተካክሎ።»
ጣሪያ ዝቅ ሲል አንገቱን የሚደፋው ማን እንደሆነ
ደብዳቤው አልጻፈም፤ ማኅተሙ ብቻ ገነነ።

ይህች ከተማ በስብሰባ ነበር የምትኖረው።
«ቁጠባን ማስረጽ» የሚል ዐውደ ጥናት
በሦስት ሆቴል አዳራሽ፣ ከነምሳው፣ ለአምስት ቀናት!
የምር መቆጠብ ሲጀመር እንግዳው ቀረ፤
ሆቴሉ ፎጣውን አጥፎ ብቻውን አደረ፤
ግብሩም ከሦስት አንድ እጅ አነሰ፤
አስተናጋጇ ዲንቂሴ ጋሪ ትታ በእግሯ፣
ባለጋሪው ጉርሜሳም የፈረሱን ፉርሽካ ቀነሰ።
መቀዛቀዝ የሚሉት ቃል ቢሮ ውስጥ በመቶኛ ይጻፋል፤
ፈረሱ ጋ ሲደርስ በጎድን ይቆጠራል።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ።
ስድስት ሁለት ሦስት አንድ፣ ውሎ አበል፦ ሰረዝኩ፤
ነዳጅ፦ በግማሽ አሳነስኩ፤
የኃላፊው ወንበር፣ «ተሽከርካሪ፣ ባለ ቆዳ»፣
ሣቄ መጣና አወጣሁት ሜዳ።
የመንገድ መብራት አምፖል፦ እጄ ዘገየ።
የጽዳት ሠራተኞች ጓንት፦
ዓይኔ ወደ ሌላ መስመር ሸሽቶ እዚያው ቆየ።

ከዚያ ቦዩ መጣ።
ከኮረብታው ሥር እስከ ትልቁ መውረጃ፣
አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር።
ሐምሌ በገባ ቁጥር ቁልቁል የሚንደረደረው
ያ ቡናማ ውሃ፣ ቤት ለቤት የሚዞረው፣
ዐምና የሁሪያን የቲማቲም ሣጥን ያንሳፈፈው፣
የጎረቤቷን ፍራሽ አጥር ላይ የለጠፈው፣
የእሱ መንገድ ነው።

ከመቶ ሃያ ሲቀነስ ሒሳቡ ቀላል፦
አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሜትር ይሠራል።
ወረቀት ላይ ያምራል። «ሰማንያ በመቶ ተከናወነ» ተብሎ
ሪፖርት ይወጣዋል፣ ፎቶው ከላይ ተለጥፎ።
ውሃ ግን በመቶኛ አይፈስም።
ያልደረሰ ቦይ ውሃን ጠርቶ፣ ሰብስቦ፣ አጣድፎ አምጥቶ
አንድ ሰው ደጃፍ ይተወዋል፣
«በጀቴ እስከዚህ ነበር» ብሎ።

ካርታውን ዘረጋሁ። ማስመሪያ ባጣ
በመታወቂያዬ ጠርዝ ለካሁ፣ ጫፉ የት እንደሚወጣ።
ደግሜ ለካሁ። ሁለቱንም ጊዜ ማረፊያው
ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ነው።
የሁሪያ፤
በዱቤ ደብተሯ ስሜ ያለባት፣
ወር ሲያልቅ የማትጠይቀኝ ሴት።

ሰው ክፉ ቀን ሲገጥመው «ሰኔና ሰኞ» ይላል።
ቀኑን እንዳልከስ ቀለሙ ጣቴ ላይ ይታያል።
በሕዝብ ውይይቱ ጉርሜሳ ከኋላ ተነሥቶ
«ጎርፍ ደብዳቤ አያነብም» አለና ተቀመጠ፣
ጅራፉን ጭኑ ላይ አጋድሞ።

እንደገና ገለጥኩ፣ ሦስት መቶ ሃያ ሜትር ፍለጋ።
የምረቃው ሪባን፣ ባነር፣ ቲሸርት፦ ስድሳ ሜትር።
የተረፈው ነዳጅ፦ ዘጠና።
የእኔ የትርፍ ሰዓት፦ አራት።
አምፖሉ (ይቅር ይበሉኝ ማታ የሚገቡ ሴቶች)፦ ዘጠና።
ሰባ ስድስት ሜትር ቀረ።
ከጓንቱ በቀር የሚታጠፍ ገጽ አልነበረም፤
ጓንቱን አልነካሁም።

ስወጣ ቆርቆሮው ላይ ጠብታ ይቆጥራል፣
አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ከዚያ ቁጥር ያምታታል።
ሁሪያ ሱቋን ልትዘጋ ሻማ ሸጠችልኝ፣ በዱቤ።
«ቦዩ ዘንድሮ ይደርሳል አይደል?»
«ሰባ ስድስት ሜትር ጎድሎታል።»
ከደጇ ወጥታ ጨለማውን በዓይኗ ለካችው፣
እስከ ስልክ እንጨቱ፣ እስከ ጎረቤት አጥር፤
«ታዲያ ቅርብ ነው» አለች።