የፊቱን ወደ ኋላ

ደጀን ገና አልነጋም። ጉሙ ከበረሃ
ሽቅብ ይተነፍሳል እንደ ፈላ ውሃ።
ቁልቁለቱን ሳልጀምር፣ ሞተሬን አጥፍቼ፣
አንችናሉ ደጅ ቆምኩ፣ ክሪኬን አውጥቼ።
መንገደኛው ተሻግሮ ሻይ ቤት ይንጫጫል፤
አዲሱ ረዳቴ በር ላይ ያንቀላፋል።

«ክሪክህን መልሰው» አለች የሷን ገፍታ፤
ጎማዬን ዳበሰች፣ ጥርሱ ላይ ቆይታ።
በግ ገዢ ላት ይዞ ዋጋ እንደሚገምት
ጣቷ ቦይ ለቦይ ሄደ፣ ከወርድ እስከ ቁመት።

አባቷ የተዉላት፦ የሚያስል ኮምፕሬሰር፣
የቡሎን መፍቻ፣ ዕዳ፣ የቆርቆሮ አጥር።
አጥሩ ላይ የሰቀለችው ጎማ ሁሉ ፊደል፤
«ና፣ ቁጠር» ትላለች ቸርኬ ስትነቅል።

«ይሄ ቀጥ ያለ ቦይ የአስፋልት ነው፣ ዝምተኛ፣
ውሃ በመስመር ሸኝቶ የሚያልፍ መንገደኛ።
ይሄ ጉጠ ብዙው፣ ጥርሰ ፍንጭቱ ደግሞ
ዋልካውን ይወጣል ነክሶ ደጋግሞ፤
አስፋልት ላይ ግን ያጓራል፣ ነዳጅ ይጠጣል፤
አገሩ የጠፋው ሰውም እንዲህ ያጓራል።

ባለ ቀስቱን ደግሞ የቀኝ በሬ በለው፤
ግራ ብትጠምደው ፈሩን ነው የሚስተው።
ከፊት ወደ ኋላ በወገኑ ይዙር፤
ወገኑን ካስከዳኸው ዝናብ ላይ ነው ጣር።
‹ውጭ› የሚል የተጻፈበት፣ እዚያ ጥግ ያለው፣
ፊቱ ለሰው ነው፣ ጀርባው የራሱ ነው።»

«የኔስ?»
«ያንተ ቀጥተኛ ነው፤ መሻገር ይችላል።
ችግሩ ሌላ ነው።»
ከኪሷ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥታ ቦዩ ውስጥ ዘቀዘቀችው።
በግራ በኩል አንበሳው እስከ ዐይኑ ሰጠመ፤
በቀኝ ትከሻው ግን ጎፈሩ እንኳ አልተነከረም።

«ነፋስ ቢያንሰው ኖሮ ሁለት ትከሻው ያልቃል፤
ነፋስ ቢበዛበት መሐሉ ይመለጣል።
ያንተ አንድ ወገን ነው፣ የተራራው ወገን።
ስትወርድ የውሃ መውረጃውን እየታከክህ ነው።
ገደሉን እንዲህ የምትሸሸው ምን አይተህ ነው?»

ዝም አልኳት።

ልየው ረዳቴ ነበር። በሩ ላይ ተንጠልጥሎ
«ማርቆስ! ማርቆስ!» የሚል፣
የአሮጊት መልስ ሳይጠየቅ የሚቆጥር።
መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ መረቅሁት፤ ሄደ።
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሐምሌ፣ አራተኛው ኩርባ ላይ፣
በሰው መኪና፣ በመላጣ ጎማ።
ባለንብረቱ «እስከ መስቀል ያደርስሃል» ብሎት ነበር።
አላደረሰውም።

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም።
ጎማዬ ተናገረ።

አንችናሉ አልደገመችም፤ ዳዶውን አላላች፤
የኋላዎቹን ቀጥታ ወደ ፊት አመጣች፤
የፊቶቹን ደግሞ ወደ ኋላ አሻግራ
የግራው ለቀኝ ሆነ፣ የቀኙ ለግራ።
ስኮርታውን አየችው፣ ከሆዱ ሥር ደርቆ፤
«በሚቀጥለው ይግባ፤ ተኝቶም ያረጃል ተሰነጣጥቆ።»

ከዚያ በመስቀል አጠበቀች፦
ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ።
ዙሪያውን የሚያጠብቅ ቸርኬ ያጣምማል አለች።

«የተበላው አይመለስም። የጎማ ጥርስ አይበቅልም።
ግን የፈራው ጥቂት ኋላ ይረፍ፤
ገደሉን ያላየው ፊት ይምጣ።
ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሞላ ተመለስ።
ጻፈው፤ ‹አልረሳም› የሚል ሾፌር አላምንም።»

ብሯን ተቀበለች፤ እጇን በናፍጣ ታጠበች።

«ሞልቷል፣ ሳበው!» አለ አዲሱ ረዳት፣
ዐይኑን እያሸ፣ ሁለት ወንበር ባዶ ሳለ።
ጉሙ ውስጥ ገባን።
አንደኛው ኩርባ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው።
አራተኛው ላይ መሪውን
ከተራራው አንድ ጣት ያህል አላቀቅሁት።
አንድ ጣት ብቻ።
ጎማው ምንም አላለም።