ውድ ሰዓት

ጋሪሰን፣ ሚኒሶታ፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር፣
ትልቁ የዓሣ ሐውልት አፉን ከፍቶ ሲያድር፣
ፊት ለፊቱ አለ የጀልባው መደብር።

እኔ ከጓሮ ነኝ፤ ሽቦ የምቀጥል፣
በጀርባዬ ተኝቼ ከጀልባ ሆድ ሥር የምውል፤
ሰው ዋጋ ሲጠይቅ ድምፁን የምሰማ፣
ፊቱን ሳላይ ገና በጫማው የማማ።
አንዱ ጫማ እንደ ሰማ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤
አንዱ በተረከዙ ወደ በሩ ይዞራል።
የኦርቪል ሃውገን ቦት ግን ንቅንቅ አላለም፦
«ዘጠና ስምንት ሺህ? ቤት ነው? በር እንኳን የለውም!
ከሃምሳ ዓመት በፊት አባቴ ሲገዛ፣
ስምንት መቶ ከፈለ፤ እሱንም ሲበዛ!
ያው ዛሬም ይሄዳል፣ ያው ዛሬም አይሰምጥም፤
ሐይቁ እንደሆነ ጥልቀት አልጨመረም።»

ዳርላ፣ ባለሱቋ፣ ወገቧን ይዛ፦
«አሉሚኒየም ጨመረ፣ ሞተሩም ጨመረ፤
ባሕር ማዶ የሚሠራው ቀረጡ ከረረ፤
የሰውስ ጉልበት ቢሆን፣ ድሮ እንደነበረ
የሚገኝ መሰለህ?»
                    መፍቻዬ ቆመ።

ጉልበት ማለት እኔ ነኝ። ደረሰኙ ላይ
ሰዓቴ መቶ አርባ ዶላር ነው ሲታይ፤
ኪሴ የሚገባው ሃያ ስድስት ነው።
የቀረው የት ሄደ? ልጠይቅ እልና
ዳርላን አስባለሁ፦ አምስት ወር በረዶ፣
አምስት ወር ባዶ ሱቅ፣ ማሞቂያው ነዶ ነዶ፤
አንድ ጀልባ ሳይሸጥ የኪራዩ መርዶ።
እሷም አልዋሸችም፣ እሱም አልተሳሳተ፤
ክርክሩ ከላዬ እንደ ሞተር ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ዋለ አመሸ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚህ ግን ዘንዶው ቀድሞ ከደረሰኙ ነው የሚወጣው፣
ዓሣው ገና ነው።

ጀልባውን አልገዛም። ግን ከመደርደሪያው
ዓይኑ ተንጠልጥሎ ቀረ ከዓሣ ማሳያው፤
የሐይቁን ሆድ ዕቃ፣ እንደ ሐኪም መሣሪያ፣
አንስቶ የሚያሳይ ባለቀለም መስኮት።
«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። በሰባ ሁለት ወር።»
ቦቱ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቅ ሰማሁ፦
«ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ባንኩ አልጠየቀኝም?»

የአባቱን ጀልባ አመጣ፣ ጎኑ የተጣፈ።
ስገጥምለት ገመድ አገኘሁ ከወንበሩ ሥር፣
በየክንዱ የተቋጠረ፣
ጫፉ ላይ የእርሳስ ድብልብል የታሰረ።
«የአባቴ ጥልቀት መለኪያ ነው» አለ።
ዋጋውን አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ።
«ተበላሸ?»
        «አይ፣ ይሠራል። ክፋቱ መሥራቱ።
ድሮ ካልበሉልኝ ‹ዛሬ የሉም› ብዬ
እገባ ነበረ መረቤን አዝዬ።
አሁን ግን አያቸዋለሁ፤ ከእግሬ ሥር ቆመዋል፣
እንደ ጎበጠ ቅንድብ ተደርድረዋል፤
ትሌን አሽትተው፣ ንቀውኝ ይሄዳሉ።
የለም መባል ሌላ፣
እያሉ እምቢ ማለት ሌላ፤
ሦስት ሺህ ከፍዬ የተማርኩት ይሄን ነው።»

«ልንቀለው?» አልኩት። መንቀያው አንድ ሰዓት፣ መቶ አርባ።
«ተወው፤ ይቀመጥ። ጩኸቱን አጥፋልኝ፣
እነዚያን ቅንድቦች ከዓይኔ ሰውርልኝ፤
ከጥጉ ያለችው ሰዓት ብቻ ትቅር።»
ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ደረሰኝ አልጻፍኩም፤
ዳርላም ያየች አይመስለኝም፣ ወይም አላየሁም አለች።

አሁን በየወሩ ቼኩን ይዞ ሲመጣ፣
«ኦርቪል፣ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉታል ሲወጣ፤
«ውድ ሰዓት» ይላል፣ ኮፍያውን ይደፋል፤
ሳይመሽብኝ ብሎ ወደ ሐይቁ ይጣደፋል።