አራት ዜሮ፣ አራት ነጥብ

ሃፕሳሉ በረዶ ነው፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት፤
ኡርቬ አልተኛችም፤ የስክሪኑ መብራት
ፊቷን ሰማያዊ አድርጎታል፤ ሻይዋ ቀዝቅዟል።
ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሂዩማ ደሴት ላይ፣
ከክሊኒኩ ምድር ቤት፣ ከመደርደሪያው ላይ
ሰርቨሩ ጆሮውን አቁሞ ተቀምጧል።

ሐኪሞቹ ማታ ከየቤታቸው ሆነው
በቪፒኤኑ ዋሻ ጎንበስ ብለው ገብተው
የተሰበረ ክንድ፣ የታመመ ሳንባ ያዩበታል።
ለዚህ ነበር የቆመው፤ ይኼ ብቻም ይበቃል።
ግን ያኔ የተከለው፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው ሰው፣
"በየትኛው ጆሮዬ ልስማ?" ብሎ ሰርቨሩ ሲጠይቀው፣
ዓርብ ማታ ነበር መሰል፣ ቸኩሎ፣
ሄደ አራት ዜሮ ጥሎ።

አራት ዜሮ፣ ላላወቀው፣ ባዶ ነው፤ ምንም ነው፤
ለሰርቨር ግን "ሁሉም" ነው፦
የፊቱም ካርድ፣ የጓሮውም፣ የዋሻውም፤
"አቤት" የማይባልለት ድምፅ አይኖርም።
የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነው፦
ነርሷ የይለፍ ቃሏን ሦስት ጊዜ ስትስተው
በር ይዘጋባታል፤
መንገደኛ ሲያንኳኳ ግን ሳይጠየቅ ያወራለታል፣
ስሙን፣ ዕድሜውን፣ መቼ እንደታደሰ ጭምር።

መዝገቡን ገለጠች፤ አንኳኪው እንደ ጠጠር።
"አድሚን" ብሎ የጠራ፣ "ቴስት" ብሎ የጠራ፣
አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ፣ በአንድ ሌሊት ተራ።
እጅ እንኳን አይደለም፤ እንቅልፍ የሌለው ጣት ነው።
ማንም አልገባም። ገና ነው።
ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ መሆን አልፈለገችም፤
እስኪነጋም አልጠበቀችም።

ጻፈች፦ የአስተዳዳሪው በር ከዋሻው ውስጥ ብቻ፤
የፊቱ ካርድ ይደፈን፤ ይሁን ግድግዳ ብቻ።
አስነሣችው።
ጠቋሚው አንዴ ብልጭ አለ፤ ከዚያ ዐይኑን ጨፈነ።
ለካስ የዋሻው አፍ ራሱ ከግድግዳው ጋር ተደፈነ!
ቤቱን ከሌባ አድና፣ ቁልፉን ከውስጥ ትታ፣
ደጅ ቀረች ኡርቬ፣ በገዛ እጇ ተረትታ።

ንጋት አሥራ ሁለት፤ የመጀመሪያው ጀልባ
በረዶውን እንደ ደረቅ ዳቦ እየገመሰ ገባ።
ስልኳ ጠራ፤ ዶክተር ማሌ ናት፦ "አልከፈት አለኝ።"
"አውቃለሁ" አለች ኡርቬ፤ "እኔም ውጭ ነኝ።"

እንዴል ቁልፍ ይዞ ቆሟል፣ የክሊኒኩ ዘበኛ፣
ግራ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ፣ ዝምተኛ።
"ሌሊቱን ሙሉ ደወልኩ" አለችው።
"ደህናውን ጆሮ ትራስ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው"
አላት ሳያፍር፤
"ነፋስ፣ ጀልባ፣ ሰካራም፣ ለደንቆሮው ይናገር።
ሚስቴ ከፈለገችኝ ትከሻዬን ትነካለች፤
የምትነካበትን ቦታ እሷ ታውቃለች።"

ኡርቬ ሲሚንቶው ላይ፣ ኪቦርዱን ሰክታ፣
አንድ ቀዳዳ ከፈተች፣ ለዋሻው ብቻ፣ ለክታ፤
ቁልፍ ለሌለው አንኳኪ "የለሁም" እንኳ የማይል።
የቀረው ጆሮ ሁሉ ትራስ ላይ ይዋል።

ልትነሣ ስትል፣ ለልማድ፣ ዝርዝሩን አየች እንደገና፤
ገንፎ ውስጥም ስንጥር አይጠፋምና።
አራቱ ዜሮ የለም። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር፣
በአዲሱ፣ በረጅሙ የአድራሻ ሥርዓት የሚቆጠር፦
ሁለት ነጥብ፣ ከጎኑም ሁለት ነጥብ።
እኛ ብንጽፈው አራት ነጥብ፣
ነገር የሚዘጋ፣ "አበቃ፤ ተንፍስ" የሚል ምልክት፤
እዚያ ግን ያው ነው፦ ሁሉም፤ ከየትም፤ አቤት።

የለበሰችውን ኮት መልሳ አወለቀች።
"እንዴል፣ የመልስ ጀልባው በስንት ሰዓት ነው?" አለች።
የቆመችው በግራው በኩል ነበር።
አልሰማትም።