የተሰማ

ከብሪዝበን ወዲያ፣ ረግረጉ ዳር ቆመን፣
ጭቃው ጫማ ሞልቶን፣ ቢንቢ እየነደፈን፣
"ሳቢሳ ሁለት ጻፍ፣ ይብራ አሥራ አንድ፤
ያቺን ዳክዬ ተዋት፣ የሰው ናት" አለች፣ መነጽር ሳታወርድ።

ኖሪን ሰማንያ ሞልቷታል። ጡረታ እስክትወጣ
የአውቶቡስ ሹፌር ነበረች፤ ዛሬም ወፍ ሲመጣ
አንድ እጇ ይዘረጋል፣
በር የሚከፍት ይመስል።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ነድቶን መንደር ገባን።
ጋጋኖ፣ የቆሻሻ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣
የድንች ጥብስ ይለቅማል፣ ከከረጢት መርጦ።
"እሱንም ጻፈው እንጂ! ምን አሳፈረን?"

ከአንድ ጓሮ አጥር ማዶ፣ ልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ፣
አውራ ጣት የሚያክል ወፍ፣ ራሱ የጠራ ሰማይ፣
ይዘምራል፤ ድምፁ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ጫፍ።
እሷ ምንቃሩን ታያለች፣ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲያርፍ።
"ምነው፣ ዝም አለ?" አለችኝ።
ዝም ያልኩትስ እኔ ነኝ።

ደብተሩ ላይ "የተሰማ" የሚለው ዓምድ
ካለፈው ዓመት ወዲህ ለምን ባዶ እንደሆነ
ያኔ ገባኝ።

ዜማውን ወደ ታች አወረድኩት፤
ወፍራም፣ ስብርብር አድርጌ አፏጨሁት።
ወፉ ዞሮ አየኝ፣ ታዝቦ።
ኖሪን ሳቀች፤ እጇ ተዘረጋ።
"ጻፍ" አለች። "የተሰማ፦ አንድ። በአስተርጓሚ።"