ቲንኪድ መንገድ

የሙታን ሣር አጫጅ፣ ደሞዜ በሰዓት፤
ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ባንጎር አጠገብ ናት
የምሠራባት ሰፈር፣ ጥቁር ድንጋይ ያላት።
ዌልሾች መጥተው ድሮ፣ ገደሏን ፈልጠው፣
ለቤቱ ጣሪያ፣ ለተማሪው ሰሌዳ አውጥተው፣
በተረፈው ድንጋይ ስማቸውን ቀርጸው
ከሥሩ ተኙበት፣ እግራቸውን ዘርግተው።

ስማቸው ጥቂት ነው፣ ሰዉ ግን ብዙ ነው፤
ዊልያም ዊልያምስ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቷል፤
ጆን ጆንስን ስቆጥር ማጨጃዬ ነዳጅ ጨርሶ ያውቃል።
አንዱን ካንዱ የሚለይ፣ ከስሙ ግርጌ ላይ፣
ትቶት የመጣው ቤት ስም ነው፤
እሱንም ግማሹን የድንጋይ ሽበት በልቶታል።

ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ ሜርል ግሪፊዝ መጣች፤
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣ የጎማ ቦቲ አጥልቃለች፣
ባንድ እጇ የጥርስ ብሩሽ፣ ባንዱ ደብተር ይዛለች።
(አንቱ በማያውቅ ቋንቋ ስለምናወራ
አንቺ እላታለሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።)

«ይኸው ኤሊስ ግሪፊዝ» አለች፣ «ቅድመ አያቴ፣
አባቱን ግን አጣሁት፣ አለቀ ጉልበቴ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግሪፊዝ ያለበትን
መዝገብ አገላበጥኩ፤
የመጣበትን መርከብ፣ የከፈለውን ገንዘብ አውቃለሁ፤
አባት ግን የለውም፤
እንደ ዓሣ ከባሕር ወጥቶ ይሆናል።»

ሳቅ አመለጠኝ። መቃብር ላይ አይሳቅም።
እኔ ደርበው ይመኑ ነኝ፤ ይመኑ አባቴ ነው፣
እዚህ ፎርም ላይ ግን የቤተሰብ ስሜ ነው።
ልጄ ማስተዋል ደርበው።
ከትምህርት ቤት ልወስዳት በሄድኩ ቁጥር ጸሐፊዋ
ሁለት ወረቀት አስተያይታ
«ልጅህ ናት?» ትለኛለች፤
ከልጄ ስም ቀጥሎ ቆሜ
አባትነቴን የሚያይ የለም።

«ሜርል» አልኳት፣ «ግሪፊዝ ቤተሰብ አይደለም፣ ሰው ነው።
ስሙን ለልጁ ትቶ፣
የገዛ አባቱን ስም ተንተርሶ ነው የተኛው።»

ዝም አለች። ብሩሹን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።
«አፕ» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ ያህል፤
«የእገሌ ልጅ ማለት ነው። አያቴ ስትቆጣ
አባቴን በአባቱ፣ አባቱን በአባቱ እየጠራች
አፕ፣ አፕ፣ አፕ ትል ነበር፤
እኔ የዶሮ ማባረሪያ ይመስለኝ ነበር።»

ከኤሊስ ግርጌ ያለውን ሽበት ፈቀፈቀችው፤
ቲን፣ አለ። ኧ፣ አለ። ኮይድ።
«ጫካ ውስጥ ያለው ቤት» ብላ ተረጎመችው።
ያኔ ቆምኩ እንደ ደረቅሁ።
በየጠዋቱ የምወጣበት ዳገት ቲንኪድ መንገድ ይባላል፤
ቆርቆሮ ይሸጥ የነበረ ልጅ ነው ይላል ሰፈሩ፣
ልጁንም አየነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ።
ለካ ቤት ነው! አፋቸው ላይ የፈረሰ ቤት፣
ጫካው ተመንጥሮ ስሙ የቀረበት።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤
ያንኑ ቃል የማጨጃዬ ጎማ የሚፍቀው ድንጋይ ላይ አይቻለሁ፣
ከኤሊስ በስተግራ፣ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፣
ወደ ጎን ያዘመመው።

ሜርል ቀና ብላ አየችው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የልጁን ድንጋይ ስታጥብ
ወገቧን ሲያማት የምትደገፈው፣
ቦርሳዋን የምታስቀምጥበት፣ ምሳዋን የምትበላበት ነው።
ቦርሳዋን አነሣች። ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ።

ግሪፊዝ ኦወን። ቲን ኧ ኮይድ።

አላለቀሰችም። መዳፏን አሳረፈችበት፣
ትኩሳቱን እንደምትለካ።
ከዚያ ደብተሯን ገልጣ ጻፈች፤
ጨርሳም አልጨረሰች፣ ብዕሯን ነክሳ አየችኝ፦
«ኦወንስ የማን ነው?»
እሱማ ባሕር ማዶ ነው፣ ሌላ ኮረብታ ላይ፤
እኔም ሰዓቴ ደርሷል።

በቲንኪድ መንገድ ወረድኩ፣ ሣሩ እንደ ቆመ።
«ልጅህ ናት?» አለች ጸሐፊዋ።
ወረቀቱን አዙሬ ጣቴን አስቀመጥኩበት፦
«ይቺ ሁለተኛዋ ቃል እኔ ነኝ።»