ዓይን አውጣ

ሸሌፍቴዮ ላይ፣ በኅዳር አጋማሽ፣
ፀሐይ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ
አርፍዳ ገብታ ቀድማ ስትሸሽ፣
ሰማዩ ገና በስምንት ሰዓት ጨለማ ሲደርብ፣
እኔ እወጣለሁ፤ ላረጁ ሰዎች መድኃኒት ላቀርብ፣
ካልሲ ላጠልቅ፣ ሾርባ ላሞቅ፣ የዓይን ጠብታ ላንጠባጥብ፣
ከመንደር መንደር፣ በጥዱ መሐል፣ ስቀርብና ስርቅ፣ ስርቅና ስቀርብ።

መኪናዬ ቮልቮ ናት፤ በዕድሜ ልጄን ትበልጣለች፣
ብርድ ሲነካት ትስላለች፤ ግን ትነሣለች።
መብራቷ ነበር ጉዱ!
የቀጠነ ሻይ የመሰለ፣ ሃያ እርምጃ ሄዶ የሚደክመው፣
እንደምጦራቸው ሽማግሌዎች ግድግዳ ይዞ የሚቆመው።
አንድ ማታ አጋዘን መንገድ መሐል ተገትሮ ቆመ፤
ፍሬኔ ነው ያየው፣ ዓይኔ አልቀደመ።

ጎረቤቴ ቶርኒ፣ ጋራዡ ከሳሎኑ የሚሞቅ፣
ከእጁ ቅባት፣ ከአፉ ምክር የማይጠፋ፣ የማይለቅ፣
«ዜኖን ግዛ» አለኝ፤ «ሌሊቱን ቀን ያደርግልሃል።»
ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ፣ «ምርመራ ላይ ግን ይጥልሃል፤
የዚያን ሰሞን ታወጣዋለህ፣ ሲያልፍ ትመልሰዋለህ፤
እስከዚያ ማን ያይሃል?»

ሳጥኑ በፖስታ መጣ፤ ሁለት አምፖል፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣
ነጭ የጥጥ ጓንት ከነማስጠንቀቂያው፦ «በጣት እንዳይነካ!»
የሰው ቅባት ካረፈበት ይሞታል አሉ፤
ብርሃንም ይኮራል ለካ።

ቶርኒ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ጣታችን በብርድ ደንዝዞ፣
አሮጌው አምፖል ወጣ፣ አንገቱ ጠቁሮ፣ ጥላሸቱን ይዞ።
ማብሪያውን ስጫን፣ መጀመሪያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ በረድ፣
ግድግዳው ነጣ፤ ሸረሪቷ ድሯን ጥላ ስትሰደድ።

ያን ማታ ነዳሁ አይባልም፤ ነገሥሁ።
የጥዱን ቅርፊት ቆጠርሁ፣ የጥንቸል ዱካ አነበብሁ።
ከፊቴ የሚመጡት ሁሉ መብራታቸውን ብልጭ ያደርጋሉ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ሰላምታ መሰለኝ!
እኔም በረጅሙ መለስሁላቸው፣ ከነኩራቴ።

ከኮጌ መታጠፊያ ወዲህ ጉንቦርግን አየኋት፤
ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ በእግሯ የምትገፋውን የበረዶ ወንበር ይዛ፣
ጥርት አድርጌ አየኋት፤ የሻርፗን ክር፣ የጓንቷን ቀዳዳ፣
እጇ ወደ ግንባሯ ሲወጣ፣ አፏ ሲከፈት፣
ከዚያ በዝግታ፣ ከነወንበሯ፣
ወደ ቦዩ ስትወርድ።

ሮጬ አወጣኋት። አልተሰበረችም። ኮቷን በረዶ፣ አፏን ስድብ ሞልቶት፣
«አየኸኝ?» አለች።
«አየሁሽ» አልኋት (እዚህ አገር አንቱ የለም)፤ «እንደ ቀን ነው ያየሁሽ።»
«እኔ ግን አንተን አላየሁም። ፀሐይ ነው ያየሁት፤
በኅዳር፣ በሌሊት፣ አስፋልት ላይ።
ሰው በሰው ላይ እንዲህ አይወጣም።»

ዓይን አውጣ የሚሉት ስድብ፣ ከልጅነቴ የማውቀው፣
ሐፍረተ ቢስ ማለት ነበር፤
ያን ሌሊት ነው ቃል በቃል የገባኝ፦
የሌላውን ዓይን እያወጣ የራሱን መንገድ የሚጠርገው።

አምፖሎቹን ነቀልሁ፤ ነገሩም ያኔ በራልኝ።
ጥፋቱ የአምፖሉ አልነበረም፤ መስታወቱ ነው የደበዘዘው፣
የቮልቮዬን ዓይን ሞራ ነበር የያዘው።
በጥርስ ሳሙና አሸሁት፣ በአሮጌ ካልሲ፣ ትከሻዬ እስኪዝል፤
ርካሽ አምፖል ገዛሁ፤ ብሎኑን አዙሬ
አንገቱን ሰበርሁት፣ ወደ መሬት እንዲል።

ትናንት ጠብታዋን ይዤ ስደርስ መስኮቱ ላይ ነበረች።
«ከድልድዩ ጀምሮ ስትመጣ አየሁህ» አለች።
አንገቷን ቀና አደረገች፤ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ።
«አትንቀሳቀሺ» አልኋት።

ዜኖኑ ከነጓንቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ መደርደሪያው ላይ።
ቶርኒ በግማሽ ዋጋ ካልገዛሁህ ይለኛል።